ጎመንና ዋርፋሪን

ከአዴት ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንዲት ደብተር ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ቀንና ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈባት፤ 2.8፣ 3.1፣ 1.6። «የልጄ ደም ነው» አሉኝ፣ ልጂቱን በአገጫቸው እያሳዩኝ። ከሃያ ብዙም አታልፍም። ልቧ ውስጥ ብረት የሚሉት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላታል። «ጾም ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ጎመኑ ነው አሉን።»

እውነት ነው፣ ጎመኑ ነው። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን ትውጣለች፤ የጎመን ቫይታሚን ኬ ደግሞ የመድኃኒቱን ጉልበት ይሰብራል። የደብተሩ ቁጥር ሲወርድ ደሙ ለመርጋት ቀረበ ማለት ነው። ሐኪሞች ጎመን ተዪ አይሉም፤ መጠኑን አታዛንፊ ነው የሚሉት። በሁዳዴ ጎመን እየመጠነ የሚበላ አዴት ባለችበት ይልማና ዴንሳ ውስጥ ካለ እሰየው!

ስለ ቫልቭ ቅየራ የፈረንጆቹ ክርክር ሌላ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፓርትነር 3» ጥናት ለቀዶ ሕክምና ብዙም የማያሰጉ 1,000 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው፣ ለገሚሱ ደረት ተከፍቶ፣ ለገሚሱ በብሽሽት በገባ ቀጭን ቱቦ ቫልቭ ተቀየረላቸው። በዓመቱ ሞት፣ ስትሮክ ወይም ዳግም ሆስፒታል መተኛት የገጠማቸው ከቀዶ ሕክምናው ወገን 15.1 በመቶ፣ ከቱቦው 8.5 በመቶ ነበሩ። በአምስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠቦ ይሄኛው በለጠ ለማለት የማያስችል ሆነ። የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 73 ነው። በእርጅና የደደረ ቫልቭ ነው የሚቀየርላቸው፤ የሚገባውም ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ነው።

የኛዋ ግን በልጅነቷ ቶንሲል ልቧን የጎዳባት ናት። የከብቱ ቫልቭ ወጣት ላይ ቶሎ ያልቃል። ብረቱ ይቆያል፤ ዋርፋሪኑ ግን ያረገዘች ቀን ለጽንሱም ለእሷም ያሰጋል። ስለዚህ ለኛ ቱቦ ሲባል እኔን የሚያጓጓኝ ጃፓናዊው ሐኪም ኢኖዌ በ1984 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፊኛ ነው፤ በቱቦ ገብቶ የተጣበቀውን ቫልቭ አላቆ ይወጣል፣ ባዕድ ነገር አይተውም። ቫልቩ የሚያፈስ ወይም ክፉኛ የደደረ ከሆነ ግን አይሆንም፤ በጊዜ መድረስ ይጠይቃል። ከዚያም በፊት ቶንሲሉ እንዳይመለስ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን አለ፤ እንደ ቫልቭ ዋጋው አያስደነግጥም።

«ትንሽ ሆና ጉሮሮዋ ሲያብጥ እንጥሏን አስቆረጥናት» አሉ እናት። «ተሻላት ብለን ተውነው።»

ልጂቱ ደብተሯን ተቀብላ ጣቷን 1.6 ላይ አሳረፈች። «ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይወጣል» አለች።