የጥር ሩጫ፣ የግንቦት ዋንጫ

ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን ልምምዱን ጨርሶ ሲወጣ፣ ኮሪደር ላይ ተኮልኩለው ተራ ሲጠብቁ ያመሹ ሃያ ምናምን ተማሪዎች ወደ ጂምናዚየሙ ይገባሉ። ውጭው በረዶ ነው። አንበላቸው፣ እሱም ገና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ይይዛል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሩጫ፣ ነክቶ መመለስ፣ እንደገና። አሥረኛው ዙር ላይ አንድ አዲስ ገቢ ከመስመሩ ተነጥሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሮጥና ያስመልሳል። ሌሎቹ ያጨበጭቡለታል። እስካሁን ዲስክ የነካ የለም።

የአሜሪካ ኮሌጆችን የአልቲሜት ፍሪስቢ ቡድኖች በቅርብ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ምሽት እንግዳ አይደለም። ውድድሩ የሚጦፈው በጸደይ ነው፤ በከፍተኛው ዲቪዚዮን 20 ቡድኖች ለአገር አቀፉ ዋንጫ የሚፋለሙት ደግሞ ግንቦት ላይ። ስለዚህ ጥር የዝግጅት ወር ነው። መዘጋጀታቸው ደግ። ዝግጅቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ጋር አይተዋወቅም።

አልቲሜት በ1968 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒው ጀርሲ ውስጥ በሜፕልዉድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመሩት ጨዋታ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ጆኤል ሲልቨር ኋላ «ዳይ ሃርድ»ንና «ዘ ማትሪክስ»ን ፕሮዲዩስ ያደረገው የሆሊውድ ሰው ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ ኖቬምበር 6 ቀን 1972 ተደርጎ ራትገርስ ፕሪንስተንን 29 ለ 27 ረታ። ሁለቱ ተቋማት የመጀመሪያውን የኮሌጅ ፉትቦል ግጥሚያ ያደረጉትም ከዚያ 103 ዓመት ቀድሞ፣ በዚያችው ቀን ነበር። ያኔም ያሸነፈው ራትገርስ ነው፤ ያውም በዚያው በሁለት ነጥብ ልዩነት።

ጨዋታው ሰባት ለሰባት ነው። 175 ግራም የሚመዝነውን ዲስክ የያዘ ተጫዋች መሮጥ አይፈቀድለትም፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለጓደኛው መወርወር አለበት። የሚሮጠው እንግዲህ ያልያዘው ነው። አጥቂው አምስት ስድስት እርምጃ ወደፊት ፈትለክ ይልና እግሩን ተክሎ በድንገት ይታጠፋል። ተከላካዩ ግማሽ እርምጃ ከተታለለ በቂ ነው። ካልተሳካ ቦታውን ይለቃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ደግሞ ይነሳል። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ተጫዋች ያለገደብ መቀየር ይቻላል። በአንድ የቅዳሜ ውድድር ሦስት አራት ጨዋታ ሊኖር ይችላል፤ እሑድ ይቀጥላል። ጨዋታው የሚፈልገው ሰው አጭር ርቀት በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ፣ በወጉ የሚቆም፣ በወጉ የሚታጠፍና ቶሎ የሚያገግም ነው። ጉዳቱም የሚጠብቀው እዚያው ነው፦ ቁርጭምጭሚትና የጉልበት ጅማት ሲቆሙና ሲታጠፉ፣ ቋንጃ ሲፈተለኩ።

ከግድግዳ ግድግዳ ማመላለሱ መታጠፍን አያስተምርም ወይ የሚል ይኖራል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች፣ አዎ። ከዚያ በኋላ እግር ዝሎ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እየተንሻፈፈ፣ ወገብ ጎብጦ የሚደረገው መታጠፍ የሚያለማምደው የተበላሸ አስተጣጠፍን ነው። አንበሉ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ስለሆነ ጉልበቱን አያይም።

የከፋም አለ። በጥር 2011 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ 13 ፉትቦል ተጫዋቾች ሆስፒታል ገቡ። ከሦስት ሳምንት ገደማ እረፍት እንደተመለሱ፣ ብረት ትከሻቸው ላይ ተጭኖ 100 ጊዜ ቁጭ ብድግ እንዲሉ ተደርገው ነበር፤ ሰዓት እየተያዘ። ሐኪሞች ሕመሙን ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። ከአቅሙ በላይ የሠራ ጡንቻ ይፈራርስና ይዘቱ ወደ ደም ይፈስሳል፣ ኩላሊት ያንን ሲያጣራ ይጎዳል፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል። ደግነቱ ሁሉም ድነዋል። በመስከረም 2024 ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የ45 ደቂቃ ልምምድ በኋላ 9 የላክሮስ ተጫዋቾች በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ተኝተዋል።

እነዚህ ደመወዝተኛ አሠልጣኝና የሕክምና ባለሙያ ያላቸው ቡድኖች ናቸው። የአልቲሜት ቡድን ባመዛኙ የተማሪዎች ክለብ ነው፤ መዋጮውን የሚከፍሉት፣ አንበሉን የሚመርጡት፣ ልምምዱን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በ2019 ይፋ ባደረገው ምክር የአካል እንቅስቃሴ ለቅጣት እንዳይውል በግልጽ አስፍሯል። አልቲሜት ግን በኤንሲኤኤ ሥር አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ያለፈ አንባቢ «ቁጭ ብድግ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት አርፍዶ የመጣ ተማሪ ነው፤ እዚያም ዲስክ በጣለ ሰው ምክንያት ቡድኑ በሙሉ ሲሮጥ ነገሩ ያው ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የጨዋታው ጠባይ ነው። አልቲሜት በኮሌጅ ፍጻሜው ላይ እንኳ ጥፋትን በመጀመሪያ የሚጠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ውጤቱ 14 ለ 14 ሆኖ አንዲት ነጥብ ዋንጫውን ስትወስን፣ «ነክቶኛል» የሚለው ተጫዋቹ ነው፤ ተቃራኒው ካልተስማማ ቆመው ይነጋገራሉ። ግንቦት ላይ ይህን ያህል የሚታመን ወጣት፣ ጥር ላይ «ጉልበቴን አሞኛል» ሲል እንደ ሰነፍ መታየቱ አያስኬድም።

ከእረፍት መልስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለል ሊሉ ይገባል። የሱሉልታና የእንጦጦ ሯጮች ከከባድ ልምምድ ማግስት ማንም የማያፍርበትን ቀስ ያለ ሶምሶማ ይሮጣሉ፤ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ለቋንጃ ደግሞ ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። አንዱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ወለሉ ላይ አጥብቆ ይይዝለታል፤ ከዚያ ከጉልበቱ እስከ ራሱ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ፣ ቋንጃው እየተንቀጠቀጠ፣ የቻለውን ያህል በዝግታ ወደፊት ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ በእጁ ይደገፋል። ጥቂት ጊዜ ብቻ፤ በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ያስታውሰዋል። ይህ ልምምድ የቋንጃ ጉዳትን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለእግር ኳስ የተዘጋጀው የ20 ደቂቃው «11 ፕላስ» ማሟሟቂያም በ2008 በታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ አጠቃላይ ጉዳትን በሲሶ ገደማ ቀንሷል።

አብሮ መከራ ማየት ቡድን ያፋቅራል የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። በረዶም ሰበብ አይሆንም፦ ሚኒሶታ ውስጥ 2,000 ገደማ ተማሪዎች ያሉት ካርልተን ኮሌጅ በ2001፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2017 የወንዶቹን ዋንጫ ወስዷል። ነገር ግን አብሮ ለመድከም የግድ ማስመለስ አያስፈልግም፤ ሰባት ለሰባት በጠባብ ቦታ፣ ዲስክ በእጅ፣ አንድ ነጥብ ተጫውቶ አርፎ ሌላ ነጥብ መጫወትም ትንፋሽ ይቆርጣል።

ደግሞም ጂምናዚየሙ ነፋስ የለውም። አዲስ ገቢ በመጋቢት ሜዳ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ከሳንባው ይልቅ እጁ ነው፤ ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ መሬት ላይ ይወድቃል። በጎን የሚወረወረውን ፎርሃንድ፣ በመካከለኛው ጣት ጫፍ ዲስኩን የማሽከርከሩን ነገር፣ ከጥር የተዘጋ አዳራሽ የተሻለ መለማመጃ አያገኝም። ያ ቆሻሻ መጣያው ላይ የተደፋው ልጅ ግን በዚያ ምሽት አንድ ጊዜም ሳይወረውር ወደ መኝታው ሄዷል።