ቀን በርካሽ መሸጥ፣ ማታ በውድ መግዛት፤ የካሊፎርኒያ የሶላር ሂሳብ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶላር ሻጭ በር አንኳክቶ ሲመጣ፣ አብዝቶ የሚያወራው ፓነሉ ስለሚያመነጨው ኃይል ነው። የቤት ባለቤቱን ኪስ የሚነካው ግን ሌላ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ቀን የሚተርፈው መብራት በስንት ይሸጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፓነሉ ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ያመነጫል፤ ትርፉ ወደ ዋናው መስመር ይሄዳል። ማታ ደግሞ ቤቱ ከመስመሩ ይወስዳል። ኔት ሜተሪንግ የሚባለው አሠራር የሰጡትን ከወሰዱት ላይ አቀናንሶ ልዩነቱን ብቻ ያስከፍላል። ቀን 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ሰጥቶ ማታ 10 የወሰደ ሰው፣ ሂሳቡ ከሞላ ጎደል ተካካሰ ማለት ነው።

ካሊፎርኒያ ይህን አሠራር ለአዲስ ገቢዎች ቀይራዋለች። ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ከሦስቱ ትልልቅ የግል ኩባንያዎች መስመር ጋር ለመገናኘት ያመለከተ ሰው፣ ትርፉ የሚታሰብለት ኩባንያው በዚያ ሰዓት ኃይሉን ከሌላ ቦታ ቢያመጣ በሚያወጣው ወጪ ነው። ክፍያው በአማካይ 75 በመቶ ያህል ወርዷል። ለምሳሌ በ30 ሳንቲም እየገዙ በ8 ሳንቲም ቢሸጡ፣ ቀን የሰጡት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት 80 ሳንቲም ያስገኛል፤ ማታ ያንኑ መልሶ መውሰድ 3 ዶላር ያስከፍላል።

ለለውጡ የቀረበው ምክንያት ባዶ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ በግዛቲቱ የፀሐይ ኃይል ይትረፈረፋል፤ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ነው እጥረቱ። ደግሞም ሶላር ያለው ሰው ሂሳቡን ዜሮ ሲያደርግ፣ የመስመሩ ጥገና ወጪ ጣሪያ በሌለው ተከራይ ላይ ይወድቃል። ይህን እቀበላለሁ።

ያልተዋጠልኝ ሸክሙ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ቀድመው ያስገቡት በአብዛኛው የተሻለ ገቢ ያላቸው ናቸው፤ እነሱ መስመር ላይ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት በድሮው ሂሳብ ይቀጥላሉ። አቅሙ አሁን የደረሰለት ቤተሰብ ግን በአዲሱ ይገባል። በዚያ ላይ የፌዴራሉ 30 በመቶ የቤት ባለቤቶች የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ውስጥ ዘንድሮ ቤት የገዛ ወገናችን ሁለቱም በሮች ከተዘጉ በኋላ ነው የደረሰው።

ታዲያ ሶላር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ቀን የመነጨውን እዚያው ቤት ውስጥ መጠቀም ነው የሚያዋጣው። ልብስ ማጠቢያውን እኩለ ቀን ላይ ማስነሳት፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ቀን ቻርጅ ማድረግ፣ አቅም ካለ ባትሪ መጨመር። ውል ከመፈረም በፊት ደግሞ «ይህን ያህል ትቆጥባለህ» የሚለው ስሌት በየትኛው ታሪፍ እንደተሠራ፣ ባትሪ በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሎስ አንጀለስን የመሰሉ የራሳቸው የመብራት ድርጅት ያላቸው ከተሞች ሕጋቸው ለብቻ ስለሆነ፣ የጎረቤት ሂሳብ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ሻጩ ፓነሉን ሰቅሎ ይሄዳል። የ20 እና የ25 ዓመቱ ብድር ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።