በእጅ የተሠራ ካርድ ለወንድም ያምራል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በየሱቁ የሚሸጡት የመልካም ምኞት ካርዶች አብዛኞቹ በጽጌረዳ፣ በሪባንና በሚያብለጨልጭ ቀለም ያጌጡ እንደ ሆኑ አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። ወንድ ለወንድ ሲሰጣቸው ግን ሰጪውም ተቀባዩም ያፍራሉ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ካርድ መስጠቱን ትተን፣ ከሌላ ሰው በስልክ የደረሰንን መልእክት እንዳለ ለመቶ ሰው ማስተላለፉን እንደ ሰላምታ ቆጥረነዋል። እኔም በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ገንዘብ አዋጥተን ከጭሮ ከተማ አንድ ባለ ጽጌረዳ ትልቅ ካርድ አስመጣንላቸው። እርሳቸውም አመስግነው ተቀበሉን፤ ካርዱ ግን ከጠረጴዛው ላይ ቀረ። በማግሥቱ ሳየው አፈርሁ፤ በዚያ ሁሉ ጌጥ ውስጥ እርሳቸውን የሚመስል አንዳች ነገር አልነበረበትምና። በዚያው ምሽት ወፍራም ወረቀት በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፤ የመንግሥት ወረቀት ለግል ጉዳይ አይነካምና። በማስመሪያ አስተካክዬ ካጠፍሁት በኋላ፣ በጥቁር ቀለም አንድ ጓጉንቸርና የቁልፍ ዘለላ ሣልሁበት። ከውስጡም «ጋሼ፣ በእርስዎ ዘመን አንዲት ምስማር አልጠፋችም» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ያ ካርድ ዛሬ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

ይህ የወንድ ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር የራሱን ልጅነት ያስታውስ። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ሲዘፍኑ፣ ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባና መልአክ በቀለም ሥለው በየጎረቤቱ እያደሉ ሳንቲም ይቀበሉ የለምን? በእጅ የተሠራ ካርድ በእኛ ዘንድ የወንድ ልጅ ሥራ ነው። በአንጻሩ የታተመው የገና ካርድ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ሄንሪ ኮል የተባለ እንደ እኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ የሚጽፍበት ጊዜ ቢያጥረው፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አሥሎ 1,000 ያህል ባሳተመ ጊዜ ነው። እንግዲህ የታተመው ካርድ ከጊዜ ማጠር የተወለደ እንጂ ከፍቅር ብዛት የመጣ አይደለም።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ በየዓመቱ ሥዕል የሚያመጣልኝ የጎረቤቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ይዞ መጣ። «ለምን አልሣልህም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማንም አያየውም፤ ሁሉም ብሩን ብቻ ነው የሚሰጠን» አለኝ። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ የታላላቆቹ ነው። እኔም፣ «ሂድና በሚኤሶ ያየኸውን ሥለህ አምጣ፤ ተቀምጬ አየዋለሁ» ብዬ ላክሁት። በማግሥቱ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኤሌክትሪክ ባቡርና ሐዲድ የሚያቋርጡ ግመሎችን ሥሎ አመጣ። አንደኛዋ ግመል አምስት እግር አላት፤ ቢሆንም ከዚያ የሚበልጥ ካርድ በየትኛውም ሱቅ አላየሁም።

ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሞቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ለዘመን መለወጫም ሆነ ለዒድ፣ ለሹመትም ሆነ ለጡረታ፣ ቢያንስ ለአንድ ወዳጃችሁ ካርድ በእጃችሁ ሥሩ። ጌጥ አያስፈልገውም፤ አንድ ወይም ሁለት ቀለም፣ ቀጥ ያለ መሥመር፣ ከሰውየው ሥራ የተወሰደ አንድ ምልክትና ከልብ የወጡ ሁለት መሥመሮች ይበቁታል። ሕፃናቱም ሥዕል ይዘው በራችሁን ሲያንኳኩ፣ ሳንቲሙን ከመስጠታችሁ በፊት ሥዕሉን እዩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሚኤሶ