ኮቱን ገልብጠን እንየው

ባለፈው ሳምንት ስለ ሚዛን ተነጋግረን ነበር። ዛሬም ከገበያ አልወጣንም። የምንነጋገረው ስለ ኮት ነው። አዲስ ኮት አይደለም፤ ሌላ ሰው ለብሶት የወጣ ኮት ነው።

በርበሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ ሲሸጥ፣ የጥር ሠርግም ሲደርስ፣ ኮት የማያምረው የለም። ከቁምጣው በላይ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ጋቢ የለመደ የጎጃም ገበሬ የልብስ ክምር አይቶ ሳይቆም አያልፍም። አንዳንዱ ልባሽ ይለዋል፤ አንዳንዱ ሰልባጅ ይለዋል። እኛም ቆመን እናውቃለን።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጣን። የልጁ ሠርግ 2 ሳምንት ቀርቶታል። ኪሱ ውስጥ የበርበሬ ገንዘብ አለ። ከዚያው ገንዘብ ላይ የድግሱ ወጪ ይወጣል፤ የማዳበሪያውም ይቀመጣል። ሻጩ ወጣት ነው። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከክምሩ አነሣ።

"አያ፣ ይቺን ይዩልኝማ! የጣሊያን ናት። አርማኒ ናት። አዲሷን አዲስ አበባም አያገኟት" አለ። 1,200 ብር ጠራ።

አርማኒ ማን ነው? ጆርጆ አርማኒ ጣሊያናዊ ነው። ዲዛይነር የሚሉት፣ የልብስ ቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር። ሚላኖ በምትባል ከተማ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የወንድ ኮት ትከሻው በጥጥና በሸራ የተደነደነ፣ እንደ ሳጥን የቆመ ነበር። እሱ መደንደኛውን ቀነሰ፤ ገበሩንም አሳሳ። ኮቱ ሰውነት ላይ የሚተኛ ሆነ። በዚህ ስሙ በዓለም ተጠራ። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

ስሙስ ትልቅ ስም ነው። ግን የተጻፈው ምን ላይ ነው? ገበሩ ላይ በተሰፋች ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ያቺን ቁራጭ ከአንዱ ኮት ፈትቶ ሌላው ላይ ለመስፋት አንድ መርፌና አንድ ክር ይበቃል። ስለዚህ ስሙን ትተን ኮቱን ገለበጥነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ፈለግን። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የሚገኘው በውስጥ ኪስ በኩል በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ነው። ፊደሉ የላቲን ነው፤ አንብበን ላንረዳው እንችላለን። ቁጥሩ ግን ያው በጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ የተማርነው ቁጥር ነው። ኮቱ 52 ይላል። በጣሊያን አለካክ ይህ የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ በሴንቲ ሜትር። 52 ሲደመር 52፣ 104 ይሆናል። ይህ ኮት የተሰፋው የደረቱ ዙሪያ 104 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ኮት ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ በኢንች ነው፤ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ዙሪያው ነው። የእንግሊዝ 40 ከጣሊያን 50 ጋር እኩል ግድም ነው። እንግዲህ 40 እና 50 አይተን "ይኼኛው ይበልጣል" ብንል ተሳሳትን።

ሜትር አልያዝንም። ኮት ሊገዛ ሲወጣ ሜትር የሚይዝ ማን አለ! ጨርቅ ከሚሸጡ አንዲት እናት ተዋስን። የጎረቤታችን ደረት 92 ሆነ። ከ104 ላይ 92 ሲቀነስ 12 ይቀራል። ኮቱ በ12 ሴንቲ ሜትር ይሰፋዋል።

"ልብስ ሰፊ ያጠበዋል እኮ፣ አያ" አለ ሻጩ።

እውነቱን ነው፤ ወገቡ ይጠባል። እጅጌም ያጥራል። ትከሻ ግን ሌላ ነው። ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው ይፈታል፤ ገበሩ ይፈታል፤ አንዳንዴ ኮሌታውም ይነካል። ቁመቱም በቀላሉ አያጥርም። ከታች ሲቆረጥ ኪሱ ጫፉ አጠገብ ይቀርና ያስቃል። ስለዚህ ኮት ስንሞክር ቀድመን የምናየው ትከሻውን ነው። ስፌቱ የራሳችን ትከሻ ካለቀበት ላይ መዋል አለበት። ስንሞክርም ጋቢያችንን ለሰው አስይዘን ነው፤ ጋቢ ላይ የተሞከረ ኮት ሁሉ ልክ ነው።

ጨርቁንም አየን። እዚያችው ትንሽ ጨርቅ ላይ 100 ይላል። ከአንድ ነገር ብቻ የተሠራ ነው ማለት ነው። 55 እና 45 ቢል ድብልቅ ነው። ግን 100 ብቻውን አያኮራም፤ ፖሊስተርም 100 ይባላል። ለመለየት ከውስጥ በኩል፣ ገበሩ ከተላቀቀበት፣ ከራሱ ከጨርቁ አንድ ክር እንመዝዛለን። የስፌቱን ክር አይደለም፤ እሱ ሌላ ነው። ከልብሱ ራቅ አድርገን በክብሪት እንለኩሰዋለን። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው። ከቀለጠና ሲበርድ እንደ ጠጠር ከደረቀ ፖሊስተር ነው። እስኪበርድ በጣት አንነካውም። ሻጩ ትንሽ አጉረመረመ፤ ፈቀደ ግን። ሱፍ ሆነ።

ቀጥሎ ደረቱን ቆነጠጥን። ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ ዝቅ ብለን፣ በአንድ እጅ የውጩን ጨርቅ፣ በሌላው ገበሩን ይዘን ቀስ ብለን ለያየናቸው። በመካከል ሦስተኛ ጨርቅ ሲንሸራተት ከተሰማን፣ ውስጡ የተሰፋ ሸራ ነው። በጥሩ ኮት ይህ ሸራ የፈረስ ፀጉር ገብቶበት የተሸመነ ነው። ከማሲንቆ ላይ የምናውቀው የፈረስ ጭራ ኮትም ውስጥ ይገባል። ቢታጠፍ ይመለሳል፤ ደረቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሦስተኛው ጨርቅ ካልተለየን ግን ከውጩ ጋር በማጣበቂያ ተለጥፏል። ማጣበቂያው ሙቀትና ውሃ ሲደጋገምበት ይለቃል። ያኔ ኮሌታውና ደረቱ ሊጥ ሲቦካ እንደሚያወጣው አረፋ ይነፋል። በካውያ ተተኩሶ አይስተካከልም። እንዲህ ያለ አረፋ የታየበትን ኮት በነጻ ቢሰጡንም እንተወው።

የዚህኛው ሸራ ተለየ። ወደ ፀሐይ አንሥተን አየነው፤ ብል አልበላውም። ክርኑ አልሳሳም። ብብቱ አልተቀደደም። ስሙ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ኮቱ ደህና ኮት ነበር። ጎረቤታችን ዐይኑ ቀረበት። በክርክር 800 ብር ደረሰ።

"ቆይ፣ ልብስ ሰፊውን እንጠይቅ" አልነው።

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ናቸው። ትከሻውን ዳሰሱና "ይኼን ፈትቼ መልሼ ስሰፋ አዲስ ከመስፋት አይሻለኝም። 500 ብር ያስከፍልሃል፤ ደግሞም እንደ ድሮው አይሆንም" አሉ። 800 ሲደመር 500፣ 1,300 ይሆናል። መጀመሪያ ከተጠራው 1,200 በለጠ ማለት ነው። ጎረቤታችን ዝም አለና ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ። መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ትንሽ ተቀይሞናል።

ሌላም ነገር ነበረ። ያገለገለ ልብስ ከውጭ አገር ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው። በኮንትሮባንድ የገባ ልባሽ በየኬላው ይያዛል። ሻጩ ደረሰኝ አይሰጥም። ዛሬ እዚህ ሸራ የዘረጋ ልጅ በሚቀጥለው ገበያ የት እንዳለ አይታወቅም። ቤት ስንገባ ቀዳዳ ብናገኝ ማንን እንይዛለን?

በሳምንቱ ጎረቤታችን ለድግሱ ዕቃ ሊገዛ ቡሬ ሄደ። የነቀምት መንገድ የሚገነጠልበት ከተማ ነው፤ መንገደኛ አይጠፋውም። እዚያ ከከተማው ሰው አሮጌ ኮት እየገዛ፣ አድሶ የሚሸጥ ልብስ ሰፊ አገኘ። ሱቁ በር አለው፤ ነገ ቢመለሱበት እዚያው ነው። ጎረቤታችን ስም አልጠየቀም። ከትከሻው ጀመረ። ቡናማ ኮት ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ተፈትቶ ወድቋል። ቁጥሩ 46 ነው። 46 ሲደመር 46፣ 92። ክርኑ ትንሽ ያብለጨልጫል። ከደረቱም አንድ ቁልፍ ጎድሏል። በ600 ብር ተስማሙ።

ባለቤቱ ግን ኮቱን እደጅ አስቀምጠው አላስገባም አሉ። ልክ ናቸው። የልብስ ቅማል ስፌት ለስፌት ትደበቃለች፤ ግርሻን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ሱፍ ስለሆነ በፈላ ውሃ አልቀቀሉትም፤ ይኮማተር ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ደርበው ስፌት ስፌቱን በጋለ የከሰል ካውያ ተኮሱት።

የጎደለው ቁልፍ ነገር ቀረ። ያንኑ ዓይነት ቁልፍ ከየት ይመጣል? የእጅጌው ቁልፎች ያነሱ ናቸው። ለደረቱ አይሆኑም። ባለቤቱ ገበሩን ሲዳስሱ አንድ ጠንካራ ነገር እጃቸው ገባ። ከውስጥ በኩል፣ ከጫፉ አጠገብ፣ መጀመሪያ የሰፋው ሰው ትርፍ ቁልፍ ሰፍቶበት ኖሯል። ፈተው ደረቱ ላይ ተከሉት። ጎረቤታችንም ለሠርጉ ለበሰው።