መጽሐፉን በጌዴኦ ፈትኑት

ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ የጉዞ መምሪያ ለመግዛት መጻሕፍት ቤት ስትገቡ ላሊበላን አትፈልጉ። አክሱምን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርንም ተዉአቸው። እነሱን የሚዘል መምሪያ የለም፤ የሚባለውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ይልቅ ጌዴኦን ፈልጉ። ከዚያ ጋምቤላን፣ ከፋን፣ ባሌን። ስንት ገጽ ተሰጣቸው? የመጽሐፉ ሚዛን እዚያ ነው።

"ታሪካዊው መስመር" የሚባለው የሰሜኑ ጉዞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ የቱሪዝም ሥራ ነው። "የ13 ወር ፀጋ"ን ያስተዋወቁት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰና ባልደረቦቻቸው በጊዜው ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ችግሩ ከእነሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያው መንገድ መመላለሱ ነው። ደራሲው ሆቴል ስላለበት ቦታ ይጽፋል፤ እንግዳው የተጻፈበት ቦታ ይሄዳል፤ ባለሀብቱ እንግዳ ያለበት ቦታ ሆቴል ይሠራል። ገጽ ያልደረሰው ወረዳ እንግዳም አይደርሰውም፤ ገንዘቡም እንዲሁ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

መቼ ታተመ? ቡናና እንሰት በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበትና ትክል ድንጋዮች የቆሙበት የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የተመዘገበው በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የባሌ ተራሮች ፓርክም እንዲሁ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም። የመንገድን ሰላም ግን አዲሱንም መጽሐፍ አትጠይቁ። እሱን የምትጠይቁት በጉዞው ዋዜማ፣ መናኸሪያ ያለውን ሾፌር ነው።

ጸሐፊው ቦታው ደርሷል? ጋዜጠኝነት ስንማር የለመድነው ጥያቄ ነው። የደረሰ ሰው አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሚሆን ይጽፋል። ያልደረሰው "ውብ ተፈጥሮ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ" ብሎ ያልፋል፤ የትኛውም ወረዳ ላይ ቢለጠፍ የሚያስኬድ ዓረፍተ ነገር! ከማውቃቸው መካከል በዚህ ፈተና የተሻለው፣ መጀመሪያ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ ደጋግሞ የታደሰው የፊሊፕ ብሪግስ መምሪያ ነው።

ለማን ተጻፈ? እዚህ ላይ ብሪግስም ይወድቃል፤ የጻፈው ለውጭ አገር ሰው ነውና አይፈረድበትም። እንጀራ ምን እንደሆነ ያስረዳችኋል። ብቻዋን የምትጓዝ ኢትዮጵያዊት አልጋ ለመያዝ ፔንሲዮን ስትገባ "ከማን ጋር ነሽ?" ስትባል ምን እንደምታደርግ ግን አይነግራትም። እኔና እኅቶቼ ከካርታው በፊት የምንፈልገው ገጽ እሱ ነው።

ጣሊያኖች በ1938 (እ.ኤ.አ.)፣ ገና በወረሩን በሦስተኛው ዓመት፣ ስለያዙት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት መንገድ በመንገድ የሚዘረዝር መምሪያ አሳተሙ። ሊገዙንና ሊሰፍሩብን ፈልገው ነው። እኛ መተዋወቅ ብቻ የምንፈልገው ምን ያዘን?

ደራሲ እስኪመጣ አንጠብቅ። ወደ ዲላ የምትሄዱ፣ የአውቶቡሱን ሰዓት፣ የአልጋውን ዋጋ፣ የጾም ምግብ የሚገኝበትን ቤት ጽፋችሁ ኑ። የቀረው የጌዴኦ ምዕራፍ እንዲህ ነው የሚጀመረው።