መኪናው እፎይ ተባለ፤ ምጣዱስ?

እንግሊዝ አገር ብዙ ዘመን የኖረ አንድ ዘመዴ በስልክ ስናወራ «መንግሥት የቤትህን ማሞቂያ ቀይር ብሎ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ሊሰጠኝ ነው» ቢለኝ ያላገጠብኝ መሰለኝ። «ብድር ነው?» አልኩት። «የምን ብድር! ስጦታ ነው፤ አይመለስም» አለኝ። ነገሩን ሳጣራው ሰውዬው አልዋሸም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 አሮጌውን የጋዝ ማሞቂያ ነቅሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ ለሚያስተክል ባለቤት 5,000 ፓውንድ መስጠት ጀመረ። ሕዝቡ «አይበቃኝም» ብሎ ሲያቅማማ ደግሞ በ2023 ጥቅምት ላይ ወደ 7,500 ከፍ አደረገው። ጀርመኖቹማ ባሱ። በ2024 ባወጡት ደንብ ማሞቂያውን ለሚቀይር ሰው የወጪውን 30 በመቶ፣ ገቢው ዝቅ ያለና ፈጥኖ የቀየረ ከሆነም እስከ 70 በመቶ መንግሥት እንዲሸፍንለት ወሰኑ።

ይኸን ያነሳሁት በሰው አገር በረከት ለመቅናት አይደለም። ቢቀናስ ምን ይደረጋል! ነገሩ ወዲህ ነው። እንግሊዝና ጀርመን በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ውስጥ ድምፃቸው ከሚሰማ አገሮች መካከል ናቸው። ይኸው ድርጅት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለመንግሥታችን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ብራችንም በዚያው ሰሞን ለገበያው ተለቀቀ። ድጎማ ኢኮኖሚ ያዛባል፣ ድጎማ በጀት ይበላል፣ ድጎማ ሰነፍ ያደርጋል ተባልን። ባለሥልጣኖቻችንም ትምህርቱን እንደ ዳዊት ደገሙት። እንግዲህ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። አበዳሪዎቻችን ለገዛ ዜጋቸው ማሞቂያ ሲገዙ ያልተዛባ ኢኮኖሚ፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ብቻ ነው የሚዛባው?

እውነት ለመናገር የነዳጅ ድጎማው ይነሳ የተባለው ሁሉ ሐሰት አልነበረም። በሊትር በሚሰጥ ድጎማ ብዙ የሚጠቀመው ብዙ የሚነዳው ነው፤ ሦስት መኪና ያለው ሰው ሦስት እጥፍ ይደጎማል። ይኸን እኔም አምናለሁ። የኔ ጥል ሌላ ነው። ከዚያ የተነሳው ገንዘብ ለምን ወደ ማጀት አልወረደም? ነው ጥያቄው።

የኛ አገር ቤት በቦይለር አይሞቅም። የኛ ቦይለር ምድጃችን ነው። ቡናው፣ ወጡ፣ እንጀራው፣ የልጅ ገላ መታጠቢያው፣ የክረምት ብርድ መመከቻው ሁሉ እዚያው ነው። ከመቶ ቤት ዘጠና ያህሉ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ጭሱን አብዝተው የሚስቡት ምድጃ ሥር የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። እናቶቻችን ዓይናቸው የሚያለቅሰው በሐዘን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ሲደረግ «የታለመ ድጎማ» የሚል አዲስ ቃል ሰማን። ለታክሲና ለአውቶቡስ ተብሎ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ቅናሹ እንዲቆይላቸው ተደረገ። መልካም፤ ታክሲ ተሳፋሪ እኛው ነን። ነገር ግን በላምባ ምድጃ ሽሮ የምታበስለዋ ሴት የት ተመዘገበች? ምድጃዋ ታርጋ የለው! ላምባው ሲወደድባት ወደ ከሰል ተመለሰች፤ ከሰሉም በማዳበሪያ መግዛት ሲያቅታት በጣሳ እየሰፈረች ገዛች። በጣሳ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜም በማዳበሪያ ከሚገዛው አስበልጦ ነው የሚከፍለው።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆን ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር በኤሌክትሪክ ይነዳ መባሉን አልቃወምም። ግን ታክስ መተውም እኮ ያው ስጦታ ነው፤ ከመንግሥት ካዝና መግባት የነበረበት ሳይገባ ይቀራል፣ ገዢው ኪስ ውስጥ ያድራል። ሚሊዮኖች ለሚያወጣ መኪና እንዲህ እጁን የዘረጋ መንግሥት፣ ጥቂት ሺህ ብር ለሚያወጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሆን «ገበያው ይወስነው» ይላል። ለባለ ምጣዷ ደግሞ የታክስ እፎይታ ብቻ አይፈይዳትም። መግዣ የሌለው ሰው ታክሱ ቢነሳለትስ ምኑን ይገዛበታል? ለእሷ የሚያስፈልጋት በእጅ የሚገባ፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ እንደ ዘመዴ ያለ የማይመለስ ገንዘብ ነው።

«ኤሌክትሪኩ ከየት መጥቶ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ ግድቡስ! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል፣ ከዚያም ዓመት ከዓመት ቦንድ ስንገዛ፣ የወር ደመወዛችንን ስንሰጥ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት ሊያመነጭ ተመረቀ ሲባል እልል ስንል የነበርነው እኛው ነን። ጉሊት ቸርቻሪዋም ከመቀነቷ ፈታ አዋጥታለች። የግድቡን መብራት ለጎረቤት አገር መሸጥ ዶላር ያመጣል፤ ይሸጥ። ካዋጡት እናቶች ማጀት ግን እንዴት ነው የሚደርሰው?

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ቤት በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት በምጣዱ ብቻ ትጨርሳለች። ለድሀ ተብሎ የተለየው ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ደግሞ እስከ 50 ነው። አያችሁት? አምፖሉ ሳይበራ፣ ስልኩ ቻርጅ ሳይደረግ፣ እንጀራ መጋገር ብቻ ከድሆች መደብ ያስወጣል። እርከኑን የቀመረው ሊቅ ምጣድ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም ወይም የሚበላው ዳቦ ነው። በዚህ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወሰነ።

ይኸም ቆጣሪ በስሟ ላላት ነው። አራት አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበትን የቀበሌ ቤት ግቢ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከሁሉ ድሀ የሆነው ሰው በሀብታም እርከን ይከፍላል። ተከራይ ከሆነች ደግሞ አከራይዋ ገና ስትገባ «ምጣድ አይጣድም፣ ካውያ አይሰካም» ብለው ሕጋቸውን ያነብላታል። አይፈረድባቸውም፤ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሒሳቡ ይንራል። እሷም ወይ ጓሮ ሄዳ ጭስ ትታጠናለች፣ ወይ ከሱቅ እየገዛች ትኖራለች።

መንግሥት ለማጀት አስቦ አያውቅም እንዳልል ታሪክ ይከሰኛል። አዲስ አበባ ገና ስትቆረቆር ዙሪያዋ ያለው ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ ጠፋ። ከተማዋ ልትነቀል ሁሉ ታስቦ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባሕር ዛፍ አስመጡ፤ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። የባሕር ዛፉን ጥቅምና ጉዳት ለጫካ አዋቂዎቹ ልተውላቸው፤ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ ያለ አማካሪ ድርጅት፣ ያለ ስትራቴጂክ ሰነድ፣ የሕዝቡን እሳት የመንግሥት ጉዳይ ያደረገ ንጉሥ ነበረን።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን በ1980ዎቹ «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ወጡ። ላቀች ውስጧ ሸክላ፣ ውጭዋ ቆርቆሮ ሆና ከኬንያዎቹ ምድጃ ተቀድታ የተሻሻለች ናት፤ ምርጥ ከሲሚንቶ የሚሠራ ሲሆን በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ለሠሩት ባለሙያዎች ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ታዲያ ድጎማ አያስፈልግም ባዮች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ላቀችን ነው፤ «በገበያ ብቻ ተስፋፋች፣ ማንም አልደጎማትም» ይላሉ። እውነት ነው። ላቀች ግን ከጉሊት በቡና መግዣ ብር የምትገዛ ዕቃ ነበረች። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መስመር ማስገቢያ፣ ወፍራም ሽቦ፣ የራስ ቆጣሪ ተደምሮ የሚመጣውን ሒሳብ ከላቀች ጋር ማወዳደር በቅሎን ከዶሮ ጋር አንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ደግሞ የተሻሻለ ምድጃን ከዋና ዋናዎቹ ተግባሮች መድቦት ነበር፤ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃ ይሰራጫል ተባለ። ቁጥር ስንወድ! «ተሰራጨ» የሚለው ቃል ግን ለሪፖርት ይመቻል እንጂ ስንቱ ምድጃ እሳት እንደሚነድበት፣ ስንቱ የዶሮ ማደሪያ እንደሆነ አይናገርም።

ስጦታ ሁሉ መልካም ነውም አልልም። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2016 ለድሀ ሴቶች የጋዝ ሲሊንደር መስመር በነፃ ማስገባት ጀመሩ፤ በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ግድም ውስጥ 80 ሚሊዮን ቤት አደረሱ። ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን ግን ማስሞያው ውድ ሆነና ብዙዎቹ ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። በኋላ መንግሥት ማስሞያውንም መደጎም ግድ ሆነበት። ምጣድ ሰጥቶ ታሪፍ መስቀልም ያው ነው።

የሰሜን አየርላንዱ ደግሞ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንጨት ፍላጭ ለሚሞቁ ድርጅቶችና ገበሬዎች ባቃጠሉት ልክ ገንዘብ እንክፈል አሉ። የሚከፈለው ከእንጨቱ ዋጋ በለጠ፤ ጣሪያም አልተበጀለትም። ብዙ ያቃጠለ ብዙ አተረፈ። «ለአመድ ጥሬ ገንዘብ» የሚል ስም ወጣለት። ነገሩ ሲፈነዳ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ምክትል ቀዳሚ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ጥለው ወጡ፤ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ሦስት ዓመት ያለ መንግሥት ከረሙ። በ2020 የወጣው የምርመራ ውጤት የበዛው ጥፋት ዝርክርክነት እንጂ ሌብነት አይደለም አለ። ልብ አድርጉ፤ እዚያ በዝርክርክነት ብቻ መንግሥት ይወድቃል!

እኛ ዘንድ ዝርክርክነቱም ሌላውም ስላለ ስጋቴ እጥፍ ነው። ስኳርና ዘይት በሸማቾች ማኅበር ሲታደል በማን ስም ወጥቶ በማን ሱቅ እንደሚሸጥ ያየን ሰዎች ነን። ምጣዱ በዕቃ መልክ ለወረዳ ከተሰጠ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ መጠየቅም አያሻኝ። ስለዚህ ዕቃ አይታደል። ገንዘቡ በሴቲቱ ስም፣ በባንክ ወይም በስልኳ ይግባ፤ ምጣዱን ከወደደችው ሠሪ ትግዛ፤ ለአንድ አባወራ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ የተቀባዮቹ ዝርዝር በወረዳው በር ላይ ይለጠፍና ጎረቤት ይየው። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ቅድሚያ ያግኝ፤ የእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ መግቢያም ከዚያው ይሸፈን። ዝቅተኛው እርከንም ከ50 ወደ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይነሳ፤ ምጣዱም፣ አምፖሉም፣ የሻይ ማፍያውም እንዲገባበት። መብራት ገና ላልደረሰው ገጠር ምርጡ ምድጃ ይሂድለት፤ እዚያ ስለ ቆጣሪ ማውራት ቀልድ ነው።

«ገንዘቡ ከየት?» ለሚሉኝ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ከተተወው ታክስ ላይ ይጀመር። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት እንደተተወ በዶሴያቸው ውስጥ ይኖራቸዋል፤ ያውጡትና እንየው። በሚመጣው ሰኔ በጀቱ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ከነዚያ ሁሉ ገጾች መካከል «ለማጀት» የምትል አንዲት መስመር እፈልጋለሁ። ካገኘኋት በዚሁ ገጽ ላይ ስማቸውን ጠርቼ አመሰግናቸዋለሁ። ከጠፋችም ገጹን አልለቅም።