የበረንዳው ፌሮ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆና ተሾመች። ዕድሜዋ ገና ሠላሳ አልሞላም። ደብዳቤው በደረሳት ዕለት ማታ ደወለችልኝ፤ «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ሳልጨርስ፣ «አጎቴ፣ አንዳንዶቹ ሠራተኞች እኮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ጀምሮ እዚያው ያሉ ናቸው። እንዴት አድርጌ ነው የማዛቸው?» አለችኝ። በርቺ፣ አይዞሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የሰጠኋት መልስ ግን ለራሴም አልበቃኝም። ልነግራት ይገባኝ የነበረው የበረንዳውን ፌሮ ታሪክ ነበር።

24 ዓመቴ ነበር። ሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተመደብኩ። ፎርማኑ አባቴን ያክላሉ። የፌሮ ሠራተኞቹ፣ የፌራዮዎቹ፣ አለቃ ደግሞ ስታፋ፣ ማለትም የፌሮ ቀለበት፣ ሲያጥፉ ሜትር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እጃቸው ልኩን ያውቀዋል። እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉ፣ ለሙሌት ደረሰ። በዋዜማው ፌሮውን ለማየት ወጣሁ። የክፍሎቹ ዋና ፌሮ ከታች፣ የበረንዳው ግን ከላይ ተነጥፏል። አሠራሩ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ብዬ፣ የበረንዳውም ወደ ታች ይውረድ አልኩ።

የፌራዮዎቹ አለቃ ቀና ብለው፣ «ኢንጂነር፣ የበረንዳ ፌሮ ከላይ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ይሰማል። ደሜ ፈላ። «ስዕሉን የማነበው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልኳቸው። አዎ፣ አንተ ብዬ። ዝም ብለው አዩኝና «እሺ» አሉ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። የሥራ ቦታ እሺ ግን ብዙ ዓይነት ነው። ገብቶኛል የሚል አለ፤ እንዳልክ ይሁን፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው የሚል አለ፤ አንተም እንደ ሌሎቹ መጥተህ ትሄዳለህ የሚልም አለ። አዲስ ሹመኛ ይህን መለየት አይችልም። ሲገባ ሰው ከወንበሩ ይነሳለታል፣ ያዘዘው ይፈጸማል፤ ተከበርኩ ይላል። ፈርተውት እንደሆነስ? መፈራት ደብዳቤ ይዞ በመጣበት ቀን የሚገኝ ነገር ነው፤ ምንም አይለፋበትም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስዕሉን ፍራሽ ላይ ዘረጋሁት። የበረንዳውን ቁርጥ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። በረንዳ ከሕንፃው ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው። ጭነት ሲያርፍበት ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የሚለጠጠው የላይኛው ፊቱ ነው። ኮንክሪት መጫንን ይችላል እንጂ መለጠጥን አይችልም፤ ያንን የሚሸከመው ፌሮው ነው። ስለዚህ ፌሮው ከላይ ካልሆነ የለም ማለት ነው። ይህን በክፍል ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። እሳቸው ደግሞ በእጃቸው ያውቁታል። ያ በረንዳ እንዳዘዝኩት ቢሞላ ኖሮ አንድ ቀን ልጆች የቆሙበት ሊወርድ ይችል ነበር። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ሲመጣብኝ ሆዴ ይረበሻል።

ጠዋት ስደርስ ሚክሰሩ ተነስቷል፤ ለሙሌቱ የተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች ባሬላና አካፋ ይዘው ቆመዋል። አለቃውን ነጠል አድርጌ በጆሯቸው ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን ትናንት ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት የተሰበረ ነገር በጓዳ አይጠገንም። ሶሌታው ላይ ወጥቼ ሁሉም እየሰማ፣ «ትናንት ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሙሌቱ ይቁምና ፌሮው ይስተካከል» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። አለቃው ጉጠታቸውን አንስተው የታሰረውን ሽቦ መፍታት ጀመሩ።

ረፋድ ላይ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወሉ። ሙሌቱ ለምን ቆመ? የፌራዮዎቹ ጥፋት ነው አይደል? ፎርማኑ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አልኩ። የዕለቱ ኪሣራ ከደመወዜ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በፊትም በኋላም ያን ያህል ጥሩ ዋጋ ያወጣ ገንዘብ ከፍዬ አላውቅም።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት አልወደውም። ሹመትን ማዕድ ያደርገዋል። እኔ ሹመትን ያየሁት እንደ ዕዳ ነው፤ ከበታችህ ያሉት የሚያውቁትን እስክትማር ድረስ የምትከፍለው። አዲስ ኃላፊ በገባ ሳምንት ቢሮውን ሲያስቀይር፣ የቀድሞውን አሠራር ሁሉ ሲያፈርስ ሳይ የሚያሳዝነኝም ለዚህ ነው። አሠራሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው እኮ በር ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ተቃራኒውን ለማየት ማሚቱ ጋሼን አስቡ። በወሊድ ፊስቱላ ተጎድታ በልጅነቷ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ስትመጣ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ያከሟት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሀምሊን ከዳነች በኋላ እዚያው አስቀሯት። አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ እያቀበለች፣ በመጨረሻ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ ለሦስቱም የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። ዲግሪ የያዙ ሐኪሞች ከእሷ እጅ ተምረዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ የእሷ ችሎታ ብቻ አይደለም። ከእሷ አጠገብ ቆመው «አሳዪኝ» ያሉት ሐኪሞች ጭምር እንጂ። በማዕረግ ከእሷ በላይ ሆኖ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም።

እኔ መከበሬን ያወቅሁት ከበረንዳው ሙሌት ብዙ ቆይቶ ነው። የሦስተኛው ፎቅ ኮሎኖች ካሳፎርማ በተነሳበት ቀን ሠራተኛው ወጥቶ ሳይቱ ጭር ብሏል። ፎርማኑ ደብተሬን ይዤ ስወርድ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢንጂነር እንጂ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አንዱ ኮሎን እግሩ ላይ ተቦርቡሯል። ሳንለስነው መጥተህ እየው።»

በሲሚንቶ ሸፍነውት ቢያድሩ ማንም አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። አብረን ተንበርክከን በስልኬ መብራት አየነው። ጠጠሩ ሲሚንቶ ሳይነካው ራቁቱን ወጥቷል። መዶሻቸውን አቀበሉኝ፤ እኔ ዙሪያውን ሳንኳኳ፣ ክፍተቱ እስከ ፌሮው ይድረስ አይድረስ እሳቸው በጆሯቸው ያዳምጡ ጀመር።